መስመር ላይ የቆመው ቀረሮ

ወታደር ነበርኩ ስል የሰው ዓይን ወዲያው ጠባሳ ፍለጋ ሰውነቴ ላይ ይዞራል። አያገኝም። እኔ የመገናኛ ሰው ነበርኩ። በአገልግሎት ዘመኔ የተሸከምኩት ከባድ ነገር የሬዲዮ ባትሪ ነው፤ የተኮስኩትም ሥልጠና ላይ ብቻ ነው፣ እሱንም ዒላማውን ስቼ። ቆስያለሁ ከተባለ የቆሰልኩት አንድ ጊዜ ነው፤ ያቆሰለችኝም ጠላት አይደለችም። አንድ ሳሙና ለሁለት ቆርጠን የታጠብን፣ ደመወዝ ሲዘገይ ከአንድ ሳህን የበላን ጓደኛዬ ናት። የሆነውም በሰው አገር ሳይሆን እዚሁ፣ በመቱና በጎሬ መካከል፣ ተወልጄ ባደግኩበት ጋራ ላይ ነው።

ስሟን አልጽፍም። የራሴንም አልጽፍም። ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል።

ነገሩ የተጀመረው ከአዲስ አበባ በመጣ ትእዛዝ ነው። የአራት ጎረቤት አገሮች ጦር አንድ ላይ ልምምድ ሊያደርግ ነው ተባለ። ታንክ የለበትም፣ ጥይት የለበትም። ያለው ሬዲዮ ብቻ ነው፤ ያውም እርስ በርሱ የማይግባባ ሬዲዮ። አንዱ አገር ከአንዱ ሻጭ ገዝቷል፣ ሌላው ከሌላ። የአንዱ ገመድ በሌላው ቀዳዳ አይገባም፤ አንዱ የቆለፈውን ድምፅ ሌላው አይከፍተውም። ነገ ጎርፍ ቢመጣ ወይም አንድ ድንበር ላይ አብረው እንዲቆሙ ቢታዘዙ፣ ጎን ለጎን ሆነው እንኳ አይደማመጡም። የእኛ ሥራ ክፉ ቀን ሳይመጣ ይህን መፈተሽና ማስተካከል ነበር። ኢሉባቦር የተመረጠው ለመልኩ አይደለም፤ ጋራውም ጫካውም ዝናቡም የሬዲዮ ጠላት ስለሆኑ ነው። አለቃችን ኮሎኔሉ «እዚያ የሠራ የትም ይሠራል» አሉና፣ ቀጥለው «የአገሩ ልጅ ማን አለ?» ሲሉ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ጓደኛዬን ከጎኔ ያስመደብኳት እኔ ነኝ። ሁለታችንም ሻምበል ነበርን፤ ከምልምልነት ጀምሮ አልተለያየንም። እሷ አስፋልት ላይ ያደገች የከተማ ልጅ ናት፤ ላም ስትታለብ አይታ «ይኼ ነው እንዴ?» ብላ የሳቀች። እጇ ግን ወርቅ ነው። የሞተ ሬዲዮ ሰጥታችኋት ሻይ ጠጥታችሁ ብትመለሱ ሲያወራ ታገኙታላችሁ። ሥራውን ተከፋፈልን፦ እንግዳው፣ ማረፊያው፣ ቦታውና የአገሩ ሰው የእኔ፤ ጣቢያው፣ መሣሪያውና ባለሙያው የእሷ።

መቱ እንግዳ ስትቀበል ትደነግጣለች። ሆቴሎቹ አዲስ አንሶላ ገዙ፣ የባጃጅ ሾፌሮቹ ለባዕድ የሚሆን አዲስ ዋጋ አወጡ። ገበያ ላይ አንዲት እናት ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝና «ልጄ፣ ላንቺ ስል አልናገርም፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ጦርነት ነው? ጤፍ ላስገባ?» አሉኝ። ሬዲዮ ሊሞክሩ ነው የሚመጡት ብላቸው አላመኑኝም። ለሬዲዮ ሙከራ ይህ ሁሉ መኪና? በማግስቱ ጤፍ አስገቡ፤ ጎረቤቶቻቸውም ተከተሏቸው።

ዕቅዱን የነደፉት ሰዎች የካቲትን የመረጡት በጋ ነው ብለው ነው። ኢሉባቦር ላይ በጋ ማለት ዝናቡ ሻይ ሊጠጣ የወጣበት ሰዓት ነው። ይህን በስብሰባ ላይ ተናገርኩ፤ ተሳቀና ታለፈ። ኮሎኔሉ ስብሰባውን ሁሉ የሚጀምሩት «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ነው። እኔና እሷ ከጠረጴዛው ሥር እግር ለእግር እንነካካለን፤ ሳቃችንን ለማፈን ከንፈራችንን እንነክሳለን። እንዲህ ነበርን። አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ያ ሳቅ እውነተኛ መሆኑ ነው። አስመሳይ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

የሥራው ሁሉ እምብርት አንድ የማስተላለፊያ ጣቢያ ነበር። መቱ ያለው ዋናው አዳራሽና ያዮ ጫካ ውስጥ የሚገቡት ጣቢያዎች በጋራ ስለሚጋረዱ፣ ከሁለቱም በኩል የሚታይ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ድምፁን ተቀብሎ የሚያሻግር ያስፈልጋል። እነዚህ ሬዲዮዎች ዓይን ለዓይን ካልተያዩ አይነጋገሩም። ከጎሬ ወረድ ብሎ ወደ መቱ የሚመለከት ጫፍ አለ፤ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ካርታው ገና ሳይዘረጋ እሱ እንደሚሆን ገብቶኝ ነበር። ጫፉ የክርስትና አባቴ ይዞታ ነው።

የክርስትና አባቴ ኦሮሞ ገበሬ ናቸው፤ ቡናቸውን ጫካ ውስጥ የሚለቅሙ፣ ከቡናቸው በላይ ግን ንባቸውን የሚወዱ ሰው። አያቴ ከሰሜን መጥተው ጎሬ ላይ የቀሩ ጸሐፊ ነበሩ፤ አባቴና የክርስትና አባቴ በወጣትነታቸው ቡና አብረው ሲያወርዱ ተዋደዱ፤ እኔ ስወለድ ሟቿ ባለቤታቸው ክርስትና አነሱኝ፣ እሳቸውም አባት ሆኑኝ። በቤታችን አማርኛ፣ በእሳቸው ቤት ኦሮምኛ ስናገር ነው ያደግኩት። ጫፉ ላይ አንድ የቀረሮ ዛፍ ነበራቸው፤ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው፣ ቀና ብለው ሲያዩት ቆብ የሚያስጥል። ከአባታቸው የወረሱት ነው። ክርስትና በተነሳሁ ቀን የዛፉ ጫፍ ድረስ ወጥተው አንድ ቀፎ ለእኔ ብለው ሰቀሉ። በየዓመቱ ከዚያ ቀፎ የተቆረጠው ማር የትም ብሆን ይመጣልኝ ነበር።

በእኛ ጫካ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ባለቤት አለው። አጥር የለውም፣ ምልክት የለውም፤ ሰው ሁሉ ግን ያውቀዋል። ጠላታችሁም ቢሆን ቀፎ የሰቀለበትን ዛፍ አትነኩም። የሚነካ ቢገኝ ሰው ቤት ገብቶ ምሰሶ እንደነቀለ ይቆጠራል፤ ለቅሶ ላይ አጠገቡ የሚቀመጥ አያገኝም።

ትልቅ ነገር የሚለምን ሰው ደግሞ እርጥብ ሰርዶ ይዞ ነው የሚሄደው። ሰርዶ ይዤ ሄድኩ። ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ አንድ እፍኝ ሣር ጨብጬ ጓሯቸው ስቆም የበኩር ልጃቸው ሳቀብኝ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ጥቂት ቀን ብቻ መሆኑን፣ ምሰሶና ድንኳን እንደሚተከል፣ ጄኔሬተር እንደሚጮህ።

«ቦታው ያንቺ ነው» አሉኝ። «ዛፉስ?»

«ዛፉ አይነካም፣ አባባ። እኔ እያለሁ አይነካም።»

«አንቺ ካልሽ አለቀ።»

ሰርዶውን ተቀበሉኝና ከበራቸው በላይ፣ በጣሪያው ክዳንና በግድግዳው መካከል ሰኩት። ይኼው ነው ውላችን። ከዚያ በኋላ ለእኔ ልምምዱ ቢሳካም ባይሳካም ያ ዛፍ ቆሞ መቅረት ነበረበት።

ባለሙያዎቹ ጫፉ ላይ ወጥተው ሲለኩ የፈራሁት ሆነ። ቀረሮው ከምሰሶው ወደ መቱ በሚሄደው መስመር ላይ ድቅን ብሎ ቆሟል። በመጀመሪያ ሙከራችን ከሬዲዮው የሰማነው መንሾካሾክ ብቻ ነበር። ጓደኛዬን ወደ ዛፉ ወሰድኳት፣ ቀፎዎቹን አሳየኋት፣ ጫፍ ላይ ያለውን የእኔን በጣቴ ጠቆምኳት። መፍትሔም ነበረን፦ ምሰሶውን ከዛፉ አልፎ ወደ ላይኛው የጋራ ትከሻ ማውጣት። ዳገቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ስለሆነ በሰው ትከሻ ነው የሚወጣው፤ ሙሉ ቀን ይፈጃል፣ ግን ይሆናል። እኔ ደግሞ በማግስቱ እንግዶቹን ልቀበል ጅማ መውረድ ነበረብኝ።

«በእኔ ይሁንብሽ» አለችኝ። «ሂጂ።»

«የዛፉን ነገር አደራ።»

ተቆጣችኝ። «ማሩን የበላሁትን ዛፍ እነካለሁ? ምን አድርገሽ ነው የምታስቢኝ?»

እውነቷን ነው፤ ማሩን በልታለች። ምልምል ሳለን፣ ደረቅ ዳቦ እየበላን ሆዳችን በሚጮህበት ጊዜ፣ የአውቶቡስ ረዳት የጦር ሠፈሩ በር ላይ ቆሞ የቤት ስሜን እየጠራ ማር ያመጣልኝ ነበር። የቤት ስሜን ያወጡልኝ የክርስትና አባቴ ናቸው። ከእሳቸውና ከሟች እናቴ በቀር የሚጠራኝ የለም፤ የእሳቸው ልጆች እንኳ አይጠሩኝም። ረዳቱ ከእሳቸው የተነገረውን ነው የሚደግመው። እሷ ያን ስም ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች፤ ለብዙ ጊዜ አሾፈችብኝ። ከዚያ ተወችው፤ ምክንያቱን ጠየቀችኝና ነገርኳት። የሰርዶውንም የነገርኳት እኔ ነኝ። ሁለት ሴቶች ተደራራቢ አልጋ ላይ ተኝተው ያላወሩት ምን አለ?

ጅማ እንግዶቹን ተቀብዬ በማግስቱ ተመለስን። በደሌን አልፈን ያዮ ጫካ ስንገባ መንገዱ ጭቃ፣ መኪናው ዳንኪራ። አጠገቤ የጎረቤት አገር አንድ ሻለቃ ተቀምጠዋል፤ የመኪናችን ሬዲዮ እንደ ክረምት ቆርቆሮ ከማንኳኳት በቀር አልተነፈሰም። ሻለቃው በትህትና ወደ ውጭ ያያሉ። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ፤ የአገሬ ጋራ ሊያዋርደኝ ነው።

ከጫካው ሳንወጣ ድንገት የጓደኛዬ ድምፅ ገባ። ጥርት ያለ፣ አጠገቤ የተቀመጠች እስኪመስል። ጣቢያዎቹን አንድ በአንድ ጠራች፤ ቀድመው የገቡት የየአገሩ ባለሙያዎች አንድ በአንድ መለሱላት፤ አንዱ በዚያ አነጋገር፣ ሌላው በሌላ። ሻለቃው ቀና አሉ። የራሳቸው አገር ልጅ ድምፅ በእኛ ሬዲዮ ውስጥ ሲመጣ ጉልበታቸውን በጥፊ መቱና ሳቁ። እኔማ ራሴን መግዛት አቃተኝ፤ ማዕረጌንም ረስቼ እልል አልኩ። ሾፌራችን ጥሩምባ ነፋ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ምሰሶውን አወጣችው! በዚህ ጭቃ! እንዲህ ያለች ጓደኛ ያለኝ እኔ ማን ነኝ ብዬ አሰብኩ።

ያ እልልታ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እንግዶቹን ሆቴል አስገብቼ፣ ላቅፋት ቸኩዬ ወደ ጫፉ ወጣሁ። ምሰሶው የትም አልሄደም፤ ከነበረበት ነው። የጎደለው ዛፉ ነው። ቀረሮው ወደ ቁልቁለቱ ተጋድሟል፤ ቅርንጫፎቹ ሌሎች ዛፎችን ይዘው ወርደዋል፣ የሞተር መጋዙ ፍርፋሪ ገና እርጥብ ነው። ንቡ አየሩን ሞልቶታል። ወታደሮቹ ድንኳን ውስጥ ተሸሽገዋል። ከቀፎዎቹ ብዙዎቹ ሣር ተነጥፎላቸው ጥላ ሥር በሥርዓት ተደርድረዋል፤ አንዱ ግን ከጫፉ ጋር ወድቆ ተፈርክሷል፣ ማሩና ጭቃው ተለውሷል። የእኔ ነው። ሌሎቹን ማን በገመድ እንዳወረዳቸው ለመጠየቅ እንኳ አእምሮዬ አልሠራም።

እሷ ከድንኳኑ ወጣች። ዓይኗን አላሸሸችም።

«ዝናብ ጣለ። ሰዎቹ ምሰሶውን ይዘው ሁለት ጊዜ ተንሸራተቱ፤ አንዱ እግሩን ተቀጨ። ኮሎኔሉ ደወሉ። ነገ እንግዳ አለ፣ ምን ላድርግ?»

«ቃሌን አልነገርኩሽም?»

«ሽማግሌው ፈቅደዋል።»

«ምን ብለው ነው የሚፈቅዱት?»

«ለመንናቸው፤ ፈቀዱ። ሰው ይለመናል፣ ሰው ይፈቅዳል። ደግሞ አንቺ፣ ጫካ ሙሉ ዛፍ እያለ ለአንድ ግንድ...»

አልጨረሰችም፤ በጥፊ ልመታት እጄን አንስቼ ነበር። መልሼ አወረድኩት። ወታደሮቹ ያያሉ።

በልምምዱ ቀናት አብረን ሠራን። ይህን ማመን ለሚቸግረው ሰው ወታደር ሆኖ ይየው። በአንድ ጠረጴዛ፣ ፊት ለፊት፣ የጣቢያ ጥሪ እየተቀባበልን። ከሬዲዮ ቋንቋ ውጭ አንድ ቃል አልተናገርኳትም። እንግዶቹ ተደሰቱ፤ ገመድ የማይገባው ገመድ ተበየደለት፣ ቁልፉ የማይከፈተው ተከፈተ፤ አራቱ አገሮች በጭጋግ ውስጥ ሆነው ወሬ ያዙ። ወደ ክርስትና አባቴ ቤት ልሂድ ስል ፈቃድ የለም፤ እውነቱን ለመናገር ፊትም የለኝም።

በመጨረሻው ቀን ግምገማ ተደረገ። ኮሎኔሉ በድርና በአንበሳ ጀመሩ። ከዚያ የማስተላለፊያ ጣቢያውን ችግር ማን ፈታው ብለው ጠየቁ፤ እሷ ተነሳች። ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። በመሥመሩ ላይ የነበረው ዛፍ «የአካባቢው ተወላጅ በሆነችው ጓዳችን አስተባባሪነትና በባለይዞታው ሙሉ ፈቃድ» ተነሥቷል አለች። እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። አጨብጭቦ ሲጨርስ እጄን አወጣሁና እኔ ይህን አላስተባበርኩም፣ እንዲያውም ከልክያለሁ አልኩ።

ኮሎኔሉ መነጽራቸውን አወለቁ። «ተደማመጡ ወይስ አልተደማመጡም?»

«ተደማምጠዋል።»

«ታዲያ አለቀ። ትሕትናሽን ለቤትሽ አድርጊው።»

ሳቁ። እሷም ሳቀች። ወደ ጠረጴዛው ሥር አየሁ፤ እግሯን ሰብስባዋለች።

ያን ዕለት የአዳራሹ በረንዳ ላይ ይዤ አቆምኳት። ከሹመት፣ ከጭብጨባ አንድም አልፈልግም አልኳት። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሽማግሌው ፊት ቀርባ በገዛ አፏ «እሷ አላዘዘችም፣ እኔ ነኝ» እንድትል። ቤቴ እዚህ ነው፣ አባቴና እናቴ እዚህ ነው የተቀበሩት፣ እዚህ ቃለ አባይ ሆኜ መኖር አልችልም አልኳት። አለቀሰች። እንባዋ እውነት መሰለኝ፤ ምናልባት እውነት ነበር።

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ» አለችኝ። «አብረን እግራቸው ላይ እንወድቃለን። ማሪያምን።»

በማሪያም ማለች! እኔም አመንኳት። ለሰው ሞት አነሰው የሚሉት ለእኔ ዓይነቷ ነው እንጂ ለእሷ አይደለም፤ አንዴ በገበያ የተሸጠ ሰው በዱቤ ተመልሶ ሲሸጥ አይሰማውም?

እሑድ ጎሬ የሚኒባስ መናኸሪያው ጋ ቆምኩ። ቅዳሴው ወጣ፣ ሰው ተበተነ፣ ሚኒባስ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። ስልኳ ጥሪ አይቀበልም። በመጨረሻ አንድ የእኛ ሾፌር አየኝና «እሷማ ጠዋት ከኮሎኔሉ ጋር ወደ አዲስ አበባ ወጥታለች፤ ለውጭ ሥልጠና ታጭታለች አሉ፣ አልሰማሽም?» አለኝ። እሱ ደስ ብሎት ነው የነገረኝ። ጓደኛሞች መሆናችንን ያውቃላ።

መንገድ ዳር ጎንበስ ብዬ ሰርዶ ነቀልኩ። ብቻዬን ሄድኩ።

የበኩር ልጃቸው በሩ ላይ ነበር። ሰርዶውን አየ፣ እኔን አየ፣ ምራቁን ወደ መሬት ተፍቶ ወደ ጓሮ ዞረ። ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ዛፍ ላይ የወጣን ሰዎች ነን። ከበሩ በላይ የመጀመሪያው ሰርዶ ደርቆ፣ ግን እንደተሰካ አለ። «ቤቶች» ስል እሳቸው ከውስጥ ሆነው ድምፄን ለዩት፤ በዱላቸው እየተደገፉ ወጡ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ የታመመ ሰው እንደሚያዩ አገላብጠው አዩኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ተረፍሽልኝ?»

ምን እንደሚሉ አልገባኝም። ሰርዶውን ዘረጋሁላቸው። እሳቸው ግን መደናገሬን እፍረት አድርገው ወሰዱት መሰለኝ፣ አስቀምጠው ነገሩኝ።

ጓደኛዬ በዚያ ዝናብ ብቻዋን መጥታ ነበር። እርጥብ ሰርዶ ይዛ። በራቸው ላይ ተንበርክካ አለቀሰች። እኔ መታሰሬን ነገረቻቸው፤ መስመሩ እስከ ነገ ካልተከፈተ እንደሚፈረድብኝ፣ ማዕረጌ ተገፎ ወኅኒ እንደምወርድ። ቃል ስለገባሁላቸው ዓይናቸውን ማየት አፍሬ ጓደኛዬን መላኬን። «እሷ ናት የላከችኝ» አለችና ስሜን ጠራች። የቤት ስሜን።

«ስሙን ስትጠራው አመንኳት» አሉኝ። «ያን ስም ካንቺ በቀር ማን ይነግራታል?»

ልጃቸው እምቢ ብሎ ነበር። ተቆጥተው ዛፉ ላይ አስወጡት፤ ቀፎዎቹን በገመድ ያወረደው እሱ ነው። ጫፍ ላይ ያለው የእኔ ግን ቅርንጫፉ ረጥቦ አላስደርስ አለው። መጋዙ ሲነሳ እሳቸው ራሳቸው ከዛፉ ሥር ቆመው መርቀው ነው የሰጡት፤ አባታቸው ያወረሷቸውን ዛፍ።

«የአንቺን ቀፎ ማዳን አልቻልንም» አሉኝ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። «ቀፎ እንደገና ይሠራል። ልጅ ግን አይሠራም። ለቀቁሽ አይደል?»

እዚያች ዱካ ላይ ተቀምጬ የሆነብኝን እንዴት ልጻፈው? ቁጣ ብቻ አይደለም። የሰጠኋትን ሁሉ፣ ማሩን፣ ሣሩን፣ እናቴ የጠራችኝን ስም፣ አንድ በአንድ ሰብስባ መሣሪያ አድርጋዋለች። ዛፉን በጉልበት ብትጥለው ሌባ ብዬ እረግማት ነበር። እሷ ግን የሰውየውን ፍቅር ነው የቆረጠችው፤ ያውም በእኔ እጅ።

«ዋሽታለች» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ልጃቸው ከጓሮ ሆኖ እንደሚሰማም አውቃለሁ። አንዲት ዐረፍተ ነገር ብናገር ስሜ ይነጻል፤ ቃሌን አለመብላቴን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ግን ያኔ እኚህ ሰው ልጃቸውን ያዳኑ አባት መሆናቸው ይቀራል። በአንዲት ከተሜ እንባ ተታለው ያባታቸውን ዛፍ በምርቃት ያስረከቡ ሽማግሌ ይሆናሉ። ፊቴን አሁንም እንደያዙት ነው። መዳፋቸው ይሻክራል።

«ተርፌያለሁ፣ አባባ» አልኩ። «በእርስዎ።»

ከጓሮው በኩል የሆነ ነገር በኃይል ተወረወረ፤ ባልዲ ይመስለኛል።

ያ ሁሉ ካለፈ ብዙ ዓመት ሆነው። ሠራዊቱን ለቅቄ መቱ ላይ የስልክ ጥገና ሱቅ ከፍቻለሁ። እሷ ትልቅ ሰው ሆናለች ይሉኛል። አንድ ጊዜ ደወለችልኝ፤ ለሆነ በዓል እንኳን አደረሰሽ ልትለኝ። ሰላም ሳትል በቤት ስሜ ነው የጠራችኝ፣ በፍቅር። ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ በማላውቀው ቁጥር ሲደወልልኝ ቶሎ አላነሳም።

የክርስትና አባቴ ልጆች ዛሬም ሰላም አይሉኝም። ለቅሶ ላይ ስቀመጥ አጠገቤ ያለው ቦታ ክፍት ይሆናል፤ ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ የለም፣ እኔም አልጠይቅም። እሳቸው ብቻ፣ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ፣ ላገኙት ሰው ሁሉ በዱላቸው እየጠቆሙ «ለዚች ልጅ ቀረሮ ጥያለሁ» ይላሉ። በኩራት ነው። እኔም አንገቴን ደፍቼ እስቃለሁ።

አምና፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ልጃቸውን ለምነው በሌላ ዛፍ ላይ አዲስ ቀፎ አሰቀሉልኝ። ዘንድሮ የመጀመሪያው ማር ተቆረጠና በባጃጅ ራሳቸው ይዘውልኝ ወደ ሱቄ መጡ። ሁለት ዕቃ ነው። አንዱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ሁለተኛውን በእጄ አስያዙኝ።

«ይኼ ለጓደኛሽ ነው» አሉኝ። «በዚያ ዝናብ ላንቺ ላለቀሰችው። ያቺ ደግ ልጅ የት ደረሰች? ታደርሽላታለሽ?»

የዕቃው አፍ በኮባ ቅጠል ታስሯል፤ ሽታው የድሮው ነው።

«አደርስላታለሁ፣ አባባ» አልኳቸው።